ገደሉና ጠመንጃው፦ የስሜን ዋልያ ታሪክ

ዋልያ ከስሜን ገደል በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደረስ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ደጋ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣና በድንገት ይቆረጣል። ከጫፉ ወዲያ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ግድግዳውን የሠራው በጥንት ዘመን ተደራርቦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ፣ በአንዱ ንብርና በሌላው መካከል ጠባብ ጠባብ እርከን አለ። እርከኑ ላይ ሣር፣ አስታና አምጃ ይበቅላል። ዋልያ የሚሰማራው፣ የሚወልደው፣ ከነብር የሚሸሸው እዚያ ላይ ነው።

ከሩቅ ሲታይ ፍየል ይመስላል፤ ዘመዱም ነው። አውራው ከ80 እስከ 125 ኪሎ የሚመዝን፣ ደረቱ የሰፋ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ እንስሳ ነው። ከአገጩ ጥቁር ጢም ይንጠለጠላል። ቀንዱ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ በፊት ለፊቱ በኩል ጉብ ጉብ ያሉ አንጓዎች ተደርድረውበታል። ሁለት አውራዎች ሲጣሉ በኋላ እግራቸው ቆመው ከላይ ወደ ታች ይላተማሉ፤ ድምፁን ገደል ለገደል ይቀባበለዋል። ሴቷ ጢም የላትም፤ ቀንዷም አጭርና ቀጭን ነው። ስሪያው የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እናቲቱ አምስት ወር ያህል አርግዛ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ ትወልዳለች። የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ነው። በዋልያ ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ በጋ አደን ያለቀ መንጋ የሚተካው በብዙ ዓመት ነውና።

በዚያው ገደል ላይ ጭላዳም ያድራል። ሁለቱ እንስሳት የሚጋሩት አንድ አገር፣ አንድ ውርጭ፣ አንድ ነብር ነው። ሆኖም ጭላዳ ሁልጊዜ በሺህ ሲቆጠር ዋልያ ከመቶ ቤት አልፎ አያውቅም። ለዚህ ልዩነት ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የሰው ማዕድ ነው። ዋልያ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ በመሆኑ ሥጋው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚበላ ነው። ጭላዳን ግን በስሜን የሚበላው የለም። ከሥጋው ሌላ የዋልያ ቆዳ ይፈለጋል፤ ቀንዱ ደግሞ ተፈልፍሎ ለጠላና ለጠጅ ዋንጫ ይሆናል። ጭላዳ ገበሬውን በገብሱ አዝመራ ላይ እየወረደ ሲያስቸግረው ኖሯል፤ ዋልያ ይህን ያህል በደል ሳይኖርበት በሥጋውና በቀንዱ ተፈለገ።

ዋልያ በአውሮፓ የእንስሳት ጥናት መዝገብ ውስጥ የገባው በኤድዋርድ ሩፔል አማካይነት ነው። ይህ የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1832 ስሜን ደረሰ። አገሩ በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጅ ነበር። ሩፔል የዕፅዋትና የእንስሳት ናሙና ሰብስቦ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው ሥራ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ። ዋልያ የሚለውን የአገሬውን ስም በሳይንሳዊ መጠሪያው ውስጥ መተዉ ደግ አድርጓል፤ እንስሳው ዛሬም በየትኛውም አገር መጽሐፍ ውስጥ የሚጠራው ስሜኖች በሰጡት ስም ነው።

በሩፔል ዘመን ስሜን ውስጥ ጠመንጃ ብርቅ ነበር። ጦር ይዞ፣ ውሻ አስከትሎ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ አዳኝ ዋልያን የሚያገኘው አንድም አድብቶ አንድም ሜዳ ላይ ወጥቶ ሲግጥ ነው። እንስሳው አንዴ ወደ እርከኑ ከወረደ ውሻም ሰውም አይከተለውም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ውጅግራ በብዛት ወደ አገር ገባ፤ ቀጥሎ ምንሽር መጣ። ከማዶ ሆኖ መምታት ሲቻል የገደሉ ጥበቃ ግማሹ ፈረሰ። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ደግሞ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጠመንጃና ጥይት በአርበኛውም በባንዳውም በገበሬውም እጅ ገባ። በዱር የሚያድር ሰው ስንቅ ያስፈልገዋል፤ የስሜን ዱር ስንቅ ደግሞ ዋልያ ነው። ስለ እንስሳው የጻፉ ተመራማሪዎች የቁጥሩን ታላቅ ውድቀት የሚጀምሩት ከዚህ ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። ይሁን እንጂ ስሜን ላይ አዋጁን የሚያስከብር አንድም ዘበኛ አልነበረም።

ጠመንጃው ብቻውን አልመጣም። ከሥር ከሥሩ ማረሻ ይከተለው ነበር። የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ፣ የወይና ደጋው መሬት እየጠበበ ሲሄድ ገብስ ሽቅብ ወጣ። ግጭ የተባለው መንደር የተመሠረተው በ3,600 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ገብስም ቢዘራ ውርጩ አያደርሰውም። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ በእርሻና በከብት እርባታ ይተዳደሩ ነበር። በጉና ፍየሉ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይሰማራል፤ አስታው ለማገዶና ለቤት ሥራ ይቆረጣል። ቀድሞ ሜዳው ላይ ወጥቶ ይግጥ የነበረው ዋልያ ወደ ገደሉ ወገብ ተገፍቶ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ዋልያ በተፈጥሮው ከገደል የማይወጣ እንስሳ መስሎ ታያቸው። ይህ ግምት ግማሽ እውነት መሆኑ የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ሜዳው ሲለቀቅለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት ሁኔታ የሚመለከት ቡድን ላከ። በዚያው ዓመት ኬንያ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌዝሊ ብራውን ስሜን ወጥቶ ገደሉን እየተዘዋወረ ተመለከተ። የቀሩትን ዋልያዎች 150 ገደማ ናቸው ብሎ ገመተ። ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በመንግሥት በኩል የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ጆን ብሎወር የተባለ እንግሊዛዊ አማካሪ ሆኖ ስሜንን ለብሔራዊ ፓርክነት አሳጨ። እ.ኤ.አ. በ1967 የዌልስ ተወላጁ ኒኮል የመጀመሪያው ዋርደን ሆኖ ሥራ ጀመረ። ኒኮል ከአካባቢው ሰዎች ዘበኞች ቀጠረ፣ አዳኞችን ገደል ለገደል ተከታተለ፣ የደን ጭፍጨፋውን ሊያስቆም ታገለ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶም ሄደ። የስሜን ቆይታውን በመጽሐፍ አስፍሮታል።

በዚሁ ጊዜ በርንሃርድ ኒቨርገልት የተባለ ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 ዋልያን ከቅርብ አጠና። የዚህ ሰው ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው በትዕግሥቱ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ መነጽር ይዞ ተቀምጦ፣ መንጋው ጠዋት የት እንደሚወጣ፣ ቀትር ላይ የት እንደሚያመሰኳ፣ ግልገል የያዘች እናት የትኛውን እርከን እንደምትመርጥ ይመዘግብ ነበር። ስለ ዋልያ ኑሮ ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር መሠረቱ ያ መዝገብ ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ጳጉሜን ላይ፣ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን በ12 ቦታዎች ሲከፍት ስሜን ከላሊበላ ጋር ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ሆኖም ፓርኩ የተከለለው ሰው ሳይኖርበት አይደለም። ወሰኑ ሲሰመር በውስጡ መንደር፣ እርሻ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ነበር። ገበሬው ትናንት የአባቱ የነበረ ማሳ ዛሬ የፓርክ ነው ተባለ፤ ይህን የነገረው ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነው። በ1971 ዓ.ም. አካባቢ፣ በደርግ ዘመን፣ ከገደሉ ግርጌ በሰሜን በኩል የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በግዳጅ ተነሡ። ያ ድርጊት ያተረፈው ቂም ነው። የተነሡት ሰዎች ጥበቃውን እንደ ጠላት አዩት፤ ጥበቃው ሲላላም ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ስለ ስሜን ፓርክ በተነሣ ቁጥር የዋልያው ጉዳት ብቻ ተጽፎ የእነዚህ ሰዎች በደል የሚዘለል ከሆነ ታሪኩ ጎዶሎ ነው፤ በኋላ የመጣው ስኬትም ሆነ ውድቀት ያለ እርሱ አይፈታም።

በዚያው በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977፣ ሃንስ ሁርኒ የተባለ ሌላ ስዊዘርላንዳዊ በዋርደንነት ሠርቷል። ሁርኒ ከዋልያው ይልቅ አፈሩን ነበር ትኩር ብሎ የተመለከተው። በጅንባር ሸለቆ ተዳፋት እርሻ ላይ የሚታጠበውን አፈር ለክቶ፣ በዚህ አያያዝ ከቀጠለ ለዋልያው ሣር፣ ለገበሬውም ገብስ እንደማይኖር አሳየ። ከዚያ ወዲህ በስሜን ላይ የሚጻፍ ዕቅድ ሁሉ የገበሬውን ኑሮ ሳይነካ ማለፍ አልቻለም።

የፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት ከነጉድለታቸው ፍሬ አፍርተዋል። የዋልያው ቁጥር ከ150 ተነሥቶ ከ300 አለፈ። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ስሜንን አዳረሰ፤ የፓርኩ ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው ወጡ፣ የዘበኛ ካምፖች ፈረሱ። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ ክላሽ በየቤቱ ገብቶ ነበር። ምንሽር አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና ማቀባበል ይጠይቃል፤ ክላሽ ግን የደነገጠን መንጋ ሳይበተን ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በተደረጉ ግምገማዎች ዋልያ ወደ 250 ገደማ ወርዶ ተገኘ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ምክንያቶቹ የዋልያው መመናመን፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት፣ እንዲሁም ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን በፓርኩ መካከል የተሠራው መንገድ ነበሩ። የክልሉ አስተዳደር ውሳኔውን በበጎ አልተቀበለውም። ለደባርቅ ጎብኚ ይቀርብናል፣ ስማችን ይጎድፋል የሚል ቅሬታ ተሰማ፤ በ1990 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ጉባኤ ተጠርቶ ምን ቢደረግ ከመዝገቡ እንደሚወጣ ተመከረበት።

ከዚያ የመጣው ሃያ ዓመት በዋልያ ታሪክ ውስጥ ደጉ ዘመን ነው። ያን ዘመን ያመጣው አንድ ሰው ወይም አንድ ዕርዳታ አይደለም። አስቀድሞ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተሠራ። ጠርዝ ላይ ያሉ መንደሮችና ማሳዎች ከውጭ እንዲቀሩ ተደርጎ፣ በምትኩ እስከ ራስ ደጀንና እስከ ስልኪ ድረስ ያለው ከፍተኛ ቦታ ተጨመረ። የፓርኩ ስፋት ከ136 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 412 አደገ። ወሰኑ ሲሰመር የቀበሌው ሽማግሌዎች አብረው በእግራቸው እየዞሩ መስማማታቸው ከ1971ዱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው። የኦስትሪያ መንግሥት የደገፈው ፕሮጀክት ከጥበቃው ጎን ለጎን በገበሬው ልማት ላይ ሠራ። ጎብኚው ሲበዛ ደግሞ የደባርቅና የፓርኩ ዙሪያ ወጣት አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ ባለ በቅሎ ሆነ። አንድ ጎብኚ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ዘበኛ፣ ወደ ተራራው አይወጣም፤ የስካውቱና የባለ በቅሎው አበል በተራ ስለሚደርስ ገንዘቡ በብዙ ቤት ይገባል። ዋልያ ሞቶ ከሚያስገኘው ይልቅ ቆሞ የሚያስገኘው መብለጡ በቤተሰብ ኪስ ታየ።

የዚህን ዘመን ውጤት ከሁሉ ይበልጥ የሚመሰክረው ጨነቅ ነው። ከሳንቃበር አልፎ ወደ ቧሂት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ካምፕ ነው ጨነቅ፤ ከፍታው 3,600 ሜትር ይሆናል። ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሣ፣ ከካምፑ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ፣ በጅብራውና በጓሳ ሣሩ መካከል ዋልያዎች ሲግጡ ይታዩ ጀመር። አውራው አንገቱን ቀና አድርጎ መንገደኛውን ያያል፤ ካልቀረቡት ተመልሶ ይግጣል። ጥይት ያላየ ትውልድ ተወልዷል ማለት ነው። እንስሳው ከገደሉ ወገብ ወጥቶ ወደ ቧሂትና ወደ ስልኪ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ሣር ደረሰ። ቀድሞ ገደል ወዳድ የተባለው ዋልያ ሰላም ሲያገኝ ሜዳውንም እንደሚሻ በዚህ ተረጋገጠ። ቁጥሩም በየቆጠራው ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከ500 አለፈ፣ በ2015 ወደ 900 ተጠጋ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስቀምጦት የነበረውን እንስሳ በ2008 አንድ ደረጃ፣ በ2020 ሌላ ደረጃ አሻሻለለት። በዚሁ ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ የአገሩ ሰው ሁሉ ዋልያዎቹ እያለ ይጠራቸው ነበር።

የግጭ መንደር የተነሣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በፈቃድ የተደረገ መነሣት ስለ ነበር ከደርጉ ዘመን ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም ዘመኑን ሁሉ ገብስ ሲያርስ፣ በግ ሲያረባ የኖረ ሰው በከተማ ውስጥ በካሣ ገንዘብ አዲስ ኑሮ መጀመሩ ቀላል አልሆነለትም። ለዋልያው፣ ለጭላዳውና ለቀይ ቀበሮው ግን የግጭ አምባ ከረጅም ዘመን በኋላ ተከፈተ። እርሻው ጦም አደረ፣ ጓሳው አቆጠቆጠ። በ2009 ዓ.ም. ፖላንድ ክራኮቭ ላይ የተቀመጠው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ አወጣው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ በዚያው በግጭ አካባቢ እሳት ተነሣ። በጋው አስታውንና ሣሩን አድርቆታል፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይነፍሳል። የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ፣ አፈር እየበተነ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠፋ፣ እሳቱ ገደል ወርዶ እንደገና ይነሣ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ቡድን ደርሶ አገዘ። ከፓርኩ ያልተጠቀመው ሰው ሳይቀር ለማጥፋት መውጣቱ የዚያን ሰሞን ትዝታ ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ወደ ስሜን ዙሪያ ሲደርስ ጎብኚው ቀረ። አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎውና አብሳዩ ገቢያቸው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ያ ጦርነት ቆሞ ሳይውል ሳያድር በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ስካውቱ እንደ ልቡ የማይዘዋወርበት፣ የጦር መሣሪያ የበዛበት፣ የሥጋ ዋጋ የናረበት ጊዜ መጣ። ይህ ሁኔታ ከጣሊያን ዘመንና ከ1980ዎቹ ጋር በሁሉም ነገሩ ይመሳሰላል፤ ውጤቱም ተመሳሰለ።

ዋልያ የሚቆጠረው በዓይን ነው። ፓርኩ በብዙ ክፍል ይከፈላል፤ በየክፍሉ ስካውቶችና ባለሙያዎች በጨለማ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገደል ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ሰዓት ነው፤ አለበለዚያ አንዱ መንጋ ሸለቆ ተሻግሮ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። ፀሐይ ፊቱን ለምሥራቅ የሰጠውን ገደል ስትመታው የመጀመሪያዎቹ እንስሳት ከእርከኑ ይወጣሉ፤ አውራ፣ እናት፣ ወጠጤ፣ ግልገል እየተለየ በቅጹ ላይ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይደገማል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የዚህ ቆጠራ ድምር ወደ 300 ገደማ ወርዷል። በአውሮፓም በአሜሪካም በአጥር ውስጥ የሚራባ የዋልያ መንጋ ስለሌለ፣ በዓለም ላይ ያሉት ዋልያዎች በሙሉ እነዚህ ናቸው። ቁጥሩ ፓርኩ በአደጋ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ከነበረው ብዙም አይርቅም፤ ሌዝሊ ብራውን ከስድሳ ዓመት በፊት ከገመተው ግን እጥፍ ያህል ነው።